የግራ ጎኔ ሂሳብ

የካቲት 4

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሐኪም ቤት የሚሉኝን ሁሉ እንድጽፍ፣ ቀኑን እንድጽፍ፣ ማን እንዳለው እንድጽፍ አዝዛኛለች። በኋላ ያስፈልገናል ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ትምህርት ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት ስለሆነች በኋላ የማያስፈልግ ወረቀት አታውቅም። እኔ እታለም እላታለሁ። እሷ አርባ ዓመት አልፎኝም "አንቺ ልጅ" ነው የምትለኝ።

እንግዲህ ለእታለም እንዲመቻት ከመጀመሪያው ልጻፍ። በጥር መጀመሪያ ግራ ጡቴ ከነእጢው ወጣ። በዚያው ቀን፣ ከዚያው አልጋ ሳልነሳ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ጡት ገባልኝ። ለማውጣቱ የባሌ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ከፈለ። ለማስገባቱ ግን ይህ ለውበት ነው ብለው አንከፍልም አሉ። ለሁለተኛ የስፌት ማሽን ብዬ ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚያ ገባ። ባሌ "አንቺ ደስ ካለሽ" አለ። ደስ አለኝ ማለት ይከብደኛል። ልብስ ስለብስ ግን ቀሚሱ በሁለቱም ወገን እኩል ይወርዳል፣ ለልብስ ሰፊ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዛሬ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጡት ቱቦዎች ተነቀሉልኝ። የነቀለችልኝ ሲስተር ገና ልጅ እግር ናት፤ ስትነቅል ከእኔ ይልቅ እሷ ነች ዓይኗን የጨፈነችው። ዶክተሩ ቁስሉ ጥሩ ነው ብሏል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ሥራ የለም፣ ክንድ ማንሳት የለም። በፈረምነው ውል መሠረት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከቀዶ ጥገናው የመጣ ችግር ካለ ሆስፒታሉ በራሱ ወጪ ያክመኛል። በራሴ ጥፋት ከመጣ ግን ራሴ እከፍላለሁ። እታለም እዚህ ላይ አስምሪበት አለችኝ፤ አሰመርኩበት።

የካቲት 11

ሱቅ ሄድኩ። ለአንድ አፍታ ብዬ ነው የወጣሁት። ሱቋን ከጋሼ ጋር ነው የምጋራት፤ እሱ የወንድ ሙሉ ልብስ ይሰፋል፣ እኔ የሙሽራ ቀሚስ። እኔ ተኝቼ ስከርም ሙሽሮች አልተኙም። ያልጨረስኳቸው ቀሚሶች በላስቲክ ተጠቅልለው መስቀያው ላይ ወረፋ ይዘዋል። ጋሼ ከመነጽሩ በላይ አየኝና "ከስተሻል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። ለዚህ ነው የምወደው።

ዳንቴል ብቻ ላያይዝ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀና ስል መብራት በርቷል። ለባሌ እታለም ቤት ነበርኩ አልኩት። ለእታለም ደግሞ ስልኩ ሲጠራ ተኝቼ ነበር አልኳት። ይህን ገጽ ደብተሩን ሳስረክባት እገነጥለዋለሁ።

ባሌ ሊፍት ነው የሚጠግነው። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚውል ቤት ሲገባ ብዙ አያወራም። ስንተኛ እጁን በግራ በኩል ደረቴ ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈና "ያምሻል?" አለኝ። አያምም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አያምም።

የካቲት 15

ሁለት ሙሽራ፣ አንድ እናት፣ ሦስት ሚዜ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራሉ። እናትየው የቀሚሱ ደረት ይዘጋ ትላለች፣ ልጅቷ ይከፈት ትላለች፣ እኔ መሀላቸው ተንበርክኬ ወገቡን አጠባለሁ። በመጨረሻ እናትየው "አንቺ ራስሽ ሴት አይደለሽ፣ እስቲ ፍረጂን" አለችኝ። ግማሹን ይከፈት ብዬ ፈረድኩ።

ሙያውን ያስተማረችኝ ሴትዮ ስፒል አፍ ውስጥ አይያዝም ትል ነበር። ጋዋንሽ ላይ፣ ግራ ደረትሽ ላይ ትሰኪዋለሽ፤ እጅሽ ሳታዪው ይሄዳል፣ ሳታዪው ይመለሳል። ጋሼ ክንዱ ላይ ትንሽ ትራስ አስሮ እዚያ ነው የሚሰካው። የእኔ እጅ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ወደዚያው ነው የሚሄደው። ዛሬም ምንም አልረሳም፤ ዳሌው፣ ወገቡ፣ ዘርፉ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨረስኩ። ሙሽራዋ መስታወት ፊት ዞር ዞር ስትል ደህና ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ጋዋኔን ሳወልቅ አልላቀቅ አለኝ። ባሌ ሳይመጣ ብዬ ቸኩዬ ነበር፣ ሳብ አደረግኩት፣ መጣ። ጡት መያዣዬ ላይ ምስር የምታክል የደም ነጥብ አለች። ከስፌቱ ይሆናል። በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት።

የካቲት 19

ትንሽ ቀላ ብሏል። ሙቀትም አለው። ምንም አይደለም።

የካቲት 20

ጡት መያዣው ነው የሚያቀላው ብዬ ቀየርኩ። ፓራሲታሞል ሁለት። ባሌ ፊትሽ ቀልቷል አለኝ፤ ምድጃ ፊት ቆሜ ነው አልኩት። ምድጃው አልተለኮሰም ነበር። አላየም።

የካቲት 22

ሌሊት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ባሌን እንዳልቀሰቅስ ትራሱን ነከስኩ። ጠዋት ደህና ነኝ። ሐኪም ቤት መሄድ ይቻላል፣ ግን ደጁን ረግጠሽ ሳትከፍይ አትመለሺም። ሰላም ለማለትም የካርድ ይላሉ። ደግሞስ ሄጄ ምን እላለሁ? ቀላ አለ ልል ነው? ሰኞ የምታገባዋ ልጅ ቀሚስ እጅጌ አልገባለትም።

የካቲት 24

እታለም ሳትደውል መጣች። እጇን ግንባሬ ላይ ጣል አድርጋ አነሳችው። ጫማዬን ፈልጋ ከእግሬ ሥር አስቀመጠች። እሷ ዝም ስትል ነው የምፈራት።

ዶክተሩ ገልጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ። በመርፌ ውሃ ቀዳ፤ ድፍርስ ነው። አልጋ ያዢ አለኝ። ሥራ ጀምረሽ ነበር ወይ፣ የመታሽ ወይም የወጋሽ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እታለም ከእኔ ቀድማ "ከአልጋ ሳትወርድ ምን ይወጋታል፣ ዶክተር?" አለችው። እሱ ጻፈ። እኔ ጣራውን አየሁ። ጣራው ላይ ውሃ ያሳለፈ ቦታ አለ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ።

የሂሳብ መስኮቱ ጋ እታለም ተጣላች። ዝርዝሩ ላይ ካርድ፣ ምርመራ፣ አልጋ፣ መርፌ፣ ጓንት ሳይቀር ተጽፏል። ውሉን አውጥታ በመስተዋቱ ሥር ሰደደችላቸው። የመስኮቷ ሴትዮ አነበበችና መልሳ ሰደደችው። አሁን ይከፈላል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው ከተባለ ይመለሳል አለቻት። ማነው የሚለው ስትላት፣ ኮሚቴ። ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል ስትላት፣ ሲሰበሰብ። እታለም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ መልስ ለወላጆች ስትሰጥ ኖራለች፤ ሲመለስባት ማየት ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር። የከፈለችው እሷ ናት። ከጡረታዋ።

የካቲት 27

አልጋ ቁጥር ሦስት። አጠገቤ የተኛችው ሴት ሙሉ ቀን በስልክ ታለቅሳለች፣ ስልኩን ስትዘጋ ትስቃለች። መድኃኒቱ በክንዴ ይገባል። ጠረኑ አፌ ውስጥ ይመጣል።

ቁስሌን የምታጥበው ያቺው ቱቦ የነቀለችልኝ ሲስተር ናት። ዓይን አፋር ናት፣ ግን እጇ አያፍርም። ካልሲዋ የተቀደደ ነው፤ ባየኋት ቁጥር አውልቂውና ልስፋልሽ ለማለት ይዳዳኛል። ዛሬ ስታጥበኝ ከስፌቱ መስመር ራቅ ያለች አንዲት ነጥብ ላይ ጥጡን ይዛ ቆየች። ቀና ብላ አየችኝ። "ሥራዎ ምንድን ነው ያሉኝ?" አለችኝ።

"ልብስ ሰፊ ነኝ" አልኳት። "አሁን ግን ተኝቻለሁ።"

እሺ አለችና ማጠቧን ቀጠለች። ስትጨርስ ሰንጠረዡ ላይ እንደወትሮው ጽፋ ሄደች። ለምን እንደጠየቀችኝ እንጃ። ወሬ ለመጀመር ይሆናል።

መጋቢት 3

መድኃኒቱ አልያዘም። መግል አለው። ዶክተሩ ይወጣል አለ፤ ሰው ሠራሹ ጡት ካልወጣ ደም ይመርዛል አለ። ለሌላ ማስገባት ዓመት ይጠበቃል፣ ያውም ቆዳው ከተረፈ።

ባሌ በሩ ሥር ቆሞ ሰማ። ከሥራ ነበር የመጣው፣ እጁ ግራሶ ነው፣ የትም እንዳይነካ ወደ ላይ ይዞታል። ስንት ነው ብሎ አልጠየቀም። መቼ ነው ብሎ ነው የጠየቀው።

መጋቢት 5

ወጣ።

መጋቢት 8

ቀና ብዬ ተቀምጬ መጻፍ ቻልኩ። በግራ በኩል አሁን ሜዳ ነው፣ መሀሉ ላይ እንደ ክፉ ጥልፍ የተሸበሸበ። መስታወት አላየሁም፤ እጄ ነው ያየው። እጄ ይሰማዋል፣ ቦታው ግን እጄን አይሰማውም። ይህን ከጥር ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሲስተሯ ነርቩ ተቆርጦ ስለሆነ ላይመለስ ይችላል ብላኛለች። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ተብሎ ይነገራል?

ማታ ባሌ ጠባቂዋን ለምኖ ከሰዓት ውጪ ገባ። ወንበሩን አስጠግቶ እጁን ፋሻው ላይ አሳረፈ። "ይሻላል?" አለኝ። ይሻላል አልኩት፣ ዓይኔንም ጨፈንኩ፣ ደስ እንዳለው ሰው።

መጋቢት 13

ወደ ቤት። መውጫው ላይ የሰጡኝን ሂሳብ ባሌ ሁለት ጊዜ አንብቦ አጠፈው። ኢንሹራንሱ ለውበት ካስገባሽው የመጣ ነው ብሎ አንከፍልም ብሏል። ሱቄን ከነማሽኗ ብሸጥ አይሞላውም። መያዣ ፈርሞ ነው ያስወጣኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜም እሁድም ሊፍት ሊጠግን ነው። ሰውየው አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይንጫጫል።

እታለም የአቤቱታ ደብዳቤ ጽፋለች፤ ሦስት ገጽ። ቁስል ማጠቡ በንጽሕና አልተካሄደም የሚል አለበት። ይህን ከየት አመጣሽው ስላት "ታዲያ ከየት መጣ ኢንፌክሽኑ? ከሰማይ ወረደ?" አለችኝ። ለእኔ ብላ እግሯ እስኪነቃ ስትሮጥ የከረመች ሴት ፊት ምን ይባላል?

መጋቢት 17

ጋሼ ሊጠይቀኝ መጣ። ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ራሱ ልጦ በላው። ያኔ ሰኞ ልታገባ የነበረችውን ልጅ ቀሚስ እሱ እንደጨረሰላት ነገረኝ፤ እጅጌው የወንድ ኮት መስሎ ወጣ አለኝ። ሳቅኩ፣ ጎኔን ያዝኩ።

ሊሄድ ሲል የስፒል ትራሱን ከክንዱ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። "እኔ ሌላ አለኝ" አለ። ትራሱን አገላብጬ አየሁት። ያውቃል? ምን ያውቃል? ምንም የሚታወቅ ነገር የለም።

መጋቢት 22

እታለም እየበረረች መጣች፣ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ኮሚቴው ተሰብስቧል። ጥፋቱ የሆስፒታሉ ነው ብሏል። ሂሳቡ በሙሉ ይሰረዛል፣ እሷ የከፈለችውም ይመለሳል። የመጨረሻውን ወረቀት ባለጉዳይዋ፣ ማለት እኔ፣ ሄጄ መፈረም ነው የቀረው።

ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ፈርቶ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ታዲያ የማን ጥፋት ነው አሉ አልኩ።

"ያቺ ካልሲዋ የተቀደደ ልጅ" አለች እታለም። "ትኩሳቱ ከመምጣቱ በፊት መጨረሻ ላይ፣ ቱቦው የተነቀለ ቀን፣ ያጠበችሽ እሷ ናት። አባረዋታል፣ ወይም ሊያባርሯት ነው። ሙያ ፈቃዷንም ይይዙባታል መሰለኝ።"

እታለም ሻይ አፈላች። ዛሬ ሁሉም ቤት ውስጥ ደስ ብሎታል።

መጋቢት 23

መብላት አቃተኝ። ባሌ ዘፈን እያፏጨ ጫማውን ይቦርሻል።

ምናልባት በእርግጥም ከማጠቡ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኮሚቴው የተማረ ሰው ነው የተቀመጠበት። ያችን ልጅ ሌላ ቦታ ይቀጥሯታል፣ ልጅ ናት፣ ነርስ ጠፍቶ ነው እንዴ? እኛ ግን ይህን ሂሳብ ስንከፍል እናረጃለን። እሷ ብታውቅ እሷም ትረዳኛለች።

ሌላ ሰው ይህን ቢጽፈው ደሜ ይፈላ ነበር።

መጋቢት 24

እሺ። ልጻፈው። ገጹን እገነጥለዋለሁ፣ ግን ልጻፈው።

የካቲት 15 ጋዋኔ ያልተላቀቀልኝ ከሥጋዬ ጋር ተሰክቶ ስለነበር ነው። ስስበው ስፒሏ ወለሉ ላይ ወደቀች። አነሳኋት፤ እስከ ግማሿ ደም ነበራት። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበረች ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ተሰክቼ ስስቅ፣ ስፈርድ፣ ዘርፍ ስለካ ውያለሁ፣ እና አላወቅኩም። ስፒሏን ጠርጌ ቆርቆሮው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመርኳት። ከዚያ ደብተሩን አውጥቼ "ከስፌቱ ይሆናል" ብዬ ጻፍኩ። ለእታለም መስሎኝ ነበር የዋሸሁት። ከዚህ ደብተር እሷ ገና ምንም አላነበበችም፤ ለራሴ ነበር።

መጋቢት 27

ሲስተሯ ለድንገቱ ብላ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ነበር። ደወልኩ። የምትኖረው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከመድኃኒት መደብር በላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። መንገዱን ሙሉ የምለውን አዘጋጅቼ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ሁሉም ጠፋኝ።

ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የታጠበ ነጭ ዩኒፎርም። ማንም የማይለብሰውን አጥባ ሰቅላዋለች። ገና ሳልቀመጥ "እስቲ ልየው" አለችኝና እጇን ታጥባ መጣች። አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ። ፋሻውን ፈታች፣ ጥሩ እየያዘ ነው አለች፣ ከራሷ ጥጥ አውጥታ ጠረገችው። አንጀቴን በላችው።

"ሲስተር፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ" አልኳት።

"አውቀዋለሁ" አለች፣ ከቁስሉ ላይ ቀና ሳትል። "ቀዳዳዋን አልጋ የያዙ ጊዜ ነው ያየኋት። ከስፌቱ ውጪ ነበረች። ልብስ ሰፊ ነኝ ሲሉኝ ገባኝ።"

ለምን አልጻፍሽውም አልኳት።

"ከጻፍኩት ሂሳቡ እርስዎ ላይ ይወድቃል። ሲጠፋም ሲለማም የሚከፍለው ሆስፒታሉ ይሁን ብዬ ነው። ጥፋተኛ የሚያደርጉት ሰው ይፈልጋሉ ብዬ አላሰብኩም።"

ተናደድኩባት። እግዜር ያውቃል፣ ልመታት ሁሉ ቃጣኝ። ጥፋተኛዋ እኔ ብቻ ብሆን ይቀለኝ ነበር። ደግ ሆና ጠበቀችኝ። ለምንድን ነው ታዲያ ሲያባርሩሽ ዝም ያልሽው አልኳት። የሚናገር ካለ እርስዎ ነዎት፣ የታመሙት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ይናገሩልኝም አላለችኝም። ፋሻውን አስራ ሸሚዜን ራሷ ቆለፈችልኝ፣ እስከ አንገቴ። እናቷን ከባድ ነገር እንዳታነሳ አጥብቃ እንደምትመክር ልጅ፣ ደረጃውን ስወርድ ቀስ ይበሉ እያለች ከላይ ቆማ አየችኝ።

ሚያዝያ 1

ነገ ፊርማ ነው። እታለም ምን እንደምለብስ ወስናልኛለች። ባሌ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። ለሁለቱም ልነግራቸው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ስለ ጨው ጠየቅኩ። አንዴ ያዛጋሁ መስዬ አለፍኩት። ሦስተኛውን ባሌ "ነገ ካለፈ በኋላ ቤቱን ቀለም እንቀባዋለን" አለኝና ተውኩት።

ሚያዝያ 2

ላይኛው ፎቅ ነው ያለው ቢሮው። ሥራ አስኪያጁ፣ ዶክተሩ፣ እታለም፣ ባሌ፣ እኔ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ። የነርሷ ስም ሦስት ቦታ ተጽፏል፤ ሙሉ ስሟን ያወቅኩት ዛሬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ከፍቶ ሰጠኝ። እታለም ጣቷን ቦታው ላይ አድርጋ አሳየችኝ።

አልፈርምም አልኩ።

ሰው ሁሉ ያልሰማ መሰለ። ደግሜ አልፈርምም፣ ይህች ልጅ ምንም አላደረገችም፣ ራሴን የወጋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ነገርኳቸው። ሱቅ መሄዴን፣ ጋዋኑን፣ ስፒሏን፣ ትኩሳቱን መደበቄን። ልጅቷ ቀዳዳዋን ማየቷን ብቻ አልተናገርኩም፤ እሱን ከእኔ ማንም አያወጣውም። እያወራሁ የእታለም ጣት ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲነሳ አየሁት።

"ቤት ውስጥ አትነግሪኝም ነበር?" አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ስፒል ሙሉ ቀን ሥጋ ውስጥ ገብቶ እንዴት አይታወቅም፣ ያማል እኮ አለ። ለማመን እንደተቸገረ ሰው ነው የተናገረው፣ እኔን ሊያጠምድ አይደለም። ምናልባት ልጅቷን ለማዳን ብዬ እንዳልሆነ ማጣራቱ ነው።

"አይሰማኝም" አልኩት። "ከጥር ጀምሮ በዚያ በኩል ምንም አይሰማኝም። እሳት ቢያስነኩኝ አላውቅም።"

ይህን ስል ዶክተሩን ነበር የማየው። ባሌ ከጎኔ ነበር፣ ወደ እሱ መዞር አልቻልኩም።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ነርሷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ይህን በጽሑፍ ይሰጡኛል አለ፤ በጽሑፍ ይስጡኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከእታለም የተማርኩት። ሂሳቡ በስማችን ይቆያል። የወር የወር እንድንከፍል ይፈቀድልን እንደሆነ ታች መስኮቱ ጋ እንድንጠይቅ ነገረን። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ፣ ለምን እንደሆነ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

ኮሪደሩ ላይ እታለም በደረጃ ነው የምወርደው አለች። አምስት ፎቅ ነው፣ እግሯ ያማታል። ጫማዋ ታች ድረስ ሲወርድ ሰማነው።

እኔና ባሌ ሊፍቱ ውስጥ ገባን። በሩ ተዘጋ። ባሌ ሁልጊዜ ሊፍት ሲገባ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ይህኛው ዘይት ይፈልጋል፣ ይህኛው ገመዱ ደክሟል ይላል። ዛሬ አላዳመጠም። አዝራሩንም አልተጫነም። ሳንወጣም ሳንወርድም ቆምን።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ቅዳሜና እሁዱ። ይህን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

"እጄን ሳሳርፍብሽስ?" አለኝ። "ሐኪም ቤት፣ ቤትም። አይሰማሽም ነበር?"

"አይሰማኝም ነበር።"

"ይሻላል ትይኝ ነበር እኮ። ዓይንሽን ሁሉ ትጨፍኚ ነበር።"

"አዎ።"

"ለምን?"

"እጅህን እንዳታነሳ ብዬ" አልኩት።

ከዚያ ሌላ ሰው ከታች ሊፍቱን ጠራው፣ በራሱ መውረድ ጀመረ።